ሳዱ ሱንዳር ሲንግ፤ በሕንድ አገር የአንድ ተዘዋዋሪ ክርስቲያን ሰባኪ አኗኗር

በሕንድ አገር ከጥንት ጀምሮ ቤትንና ሀብትን፥ ሚስትንና ልጆችን ትቶ፥ ወደ ቀይ የሚያደላ ብጫ ልብስ ለብሶ፥ ከመንደር ወደ መንደር እየዞረ የሚኖር የመናንያን ወገን አለ። ሕዝቡ እንዲህ ያለውን ሰው «ሳዱ» ብሎ ይጠራዋል፤ ትርጓሜውም በሳንስክሪት ቋንቋ ደግ፥ ቅን ሰው ማለት ነው። የአገራችን አንባቢ ሳዱን ከባሕታዊ ጋራ ቢያመሳስለው ከእውነት ብዙ አይርቅም፤ ነገር ግን ሳዱዎች ከልዩ ልዩ ወገኖች የሚወጡ ናቸውና ሁሉም የሚታዘዙለት አንድ አለቃ የላቸውም። ይህንን የኑሮ ሥርዓት በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ክህነት የሌለው አንድ የፑንጃብ ተወላጅ ወንጌልን ለመስበክ ተጠቀመበት። የሱንዳር ሲንግ ታሪክ ለኤትኖሎጂ ጥናት የሚጠቅመው፥ አንድ ሃይማኖት የሌላውን አኗኗር ሲዋስ ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚከፍል ስለሚያሳይ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በብራህሚኖች ትምህርት የሰው ዕድሜ በአራት ደረጃ ይከፈላል፤ እነርሱም ተማሪነት፥ ባለ ትዳርነት፥ ወደ ዱር መለየትና ፍጹም ምናኔ ናቸው። ፍጹም መናኝ ለዓለም እንደ ሞተ ሰው ይቈጠራል፤ ገና በሕይወት ሳለ የገዛ ራሱን የቀብር ሥርዓት የሚፈጽምም አለ። ለዓለም የሞተ ከሆነ ርስትና ወራሽ የለውም፤ ባለ ትዳሩን የሚያስረው የካስት ሕግም እርሱን እንደዚያው አያስረውም። ባለ ትዳሩ ለመናኙ እህል ሲሰጥ ጽድቅ ያገኛል፤ መናኙም በፈንታው ምክርና ትምህርት ይሰጠዋል። እንግዲህ ልብሱ ጌጥ አይደለም፤ ወደማያውቁት መንደር ለመግባት፥ ከዛፍ ጥላ ሥር ለመቀመጥና ለመደመጥ መብት የሚሰጥ ምልክት ነው።

ሱንዳር ሲንግ በ1889 በፑንጃብ፥ በሉድሂያና አውራጃ፥ ራምፑር በምትባል መንደር ከአንድ ባለጸጋ የሲክ ቤተ ሰብ ተወለደ። ሲኮች በጠቅላላው ከምናኔ ይልቅ በትዳርና በሥራ መኖርን የሚያከብሩ ሲሆኑ፥ እናቱ ግን ልጇ ሳዱ እንዲሆን ትመኝ እንደ ነበር ይተረካል። እርስዋ ስትሞት ልጁ 14 ዓመቱ ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲማር የክርስቲያኖችን መጽሐፍ እስከ ማቃጠል ደረሰ፤ ነገር ግን ራሱ እንደ ተረከው፥ በዲሴምበር 1904 ክርስቶስን በራእይ አይቶ አመነ። የሲክነት ምልክት የሆነውን ጠጕሩን በመቈረጡም ከአባቱ ቤት ተባረረ። በ3 ሴፕቴምበር 1905፥ 16 ዓመት በሞላው ዕለት፥ በሲምላ ተጠመቀ፤ ከዚያም በኋላ የሳዱን ልብስ ለብሶ በባዶ እግሩ ጕዞ ጀመረ።

ሐሳቡ ከእርሱ በፊትም የታወቀ ነበር። ኢጣሊያዊው ኢየሱሳዊ ሮቤርቶ ደ ኖቢሊ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በማዱራይ የመናኝ ልብስ ለብሶ አስተምሮአል፤ ቤንጋላዊው ብራህማባንድሃብ ኡፓድያይም ካቶሊክ ከሆነ በኋላ በ1894 እንዲሁ አድርጎአል። ሱንዳር ሲንግ ምክንያቱን በምሳሌ ያስረዳ ነበር፤ አንድ ብራህሚን በባቡር ጣቢያ በሙቀት ደክሞ ሳለ በባዕድ ጽዋ የቀረበለትን ውሃ እንቢ አለ፥ በራሱ የናስ ዕቃ በቀረበለት ጊዜ ግን ጠጣ። ትምህርቱም ለሕንድ ሰው የሚቀርብለት የሕይወት ውሃ በሕንድ ጽዋ ይሁን የሚል ነው።

ከንብረት የነበረው አንድ ብርድ ልብስና በኡርዱ ቋንቋ የተጻፈ አዲስ ኪዳን ብቻ ነው። ገንዘብ አይዝም፤ የሰጡትን ይበላል፥ ባስጠጉት ያድራል። በብርዱ ወራት በሜዳው አገር ይሰብካል፤ ከ1908 ጀምሮ ደግሞ በበጋው ወራት የሂማላያ መንገድ ሲከፈት፥ ከሲምላ በላይ ካለችው ከኮትጋርህ ተነሥቶ ወደ ቲቤት ለመሻገር ይጥር ነበር። በ1907 ከአሜሪካዊው ከሳሙኤል ስቶክስ ጋራ ሆኖ በሳባቱ የሥጋ ደዌ በሽተኞችን አስታመመ። በ1918 ወደ ደቡብ ሕንድ በወረደ ጊዜ ግን የአገሩን ቋንቋ አያውቅምና በአስተርጓሚ ሰበከ።

ልብሱ ደጅ ያስከፍታል እንጂ የተከፈተውን ደጅ አያጸናም። መንደርተኛው የሂንዱ መናኝ መስሎት በክብር ይቀበለውና የክርስቶስን ስም ሲሰማ ያባርረዋል፤ ስለዚህ በዱር በረኀብ ያደረበት ሌሊት ብዙ ነው። ታዲያ ልብሱ የሰባኪውን ማንነት መሰወሪያ ነበርን? ለዚህ መልስ የሚሰጠው ሥራው ነው። እምነቱን ለምግብና ለማደሪያ ሲል አልደበቀም። ደግሞም የሳዱነትን ሥርዓት ሁሉ አልተዋሰም፤ መምህሩን እንደ አምላክ የሚያከብር ደቀ መዝሙር አልሰበሰበም፥ የራሱ ማኅበርም አላቆመም፥ ያመኑትንም እንዲጠመቁ በአካባቢው ወደ ነበረች ቤተ ክርስቲያን ይልካቸው ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋራ የተጋጨው በሌላ በኩል ነው። በ1909 መጨረሻ በላሆር ወደ ነበረው የአንግሊካን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ገብቶ ጥቂት ወራት ተማረ፤ የስብከት ፈቃድም ተሰጠው። ነገር ግን ክህነት ቢቀበል በሀገረ ስብከት ተወስኖ፥ እንደ ልቡ በሌሎች ክርስቲያኖች ዘንድ መስበክ እንደማይችል በተረዳ ጊዜ ፈቃዱን ለጳጳሱ ለሌፍሮይ መለሰ። ካህን ደመወዝ፥ ቤትና ወሰን አለው፤ ሳዱ ግን ወሰን ካበጁለት ሳዱነቱ ይቀራል።

የዚህ ነጻነት ዋጋ የታወቀው ዝናው ከተስፋፋ በኋላ ነው። በ1920 እንግሊዝን፥ አሜሪካንና አውስትራልያን፥ በ1922 ደግሞ ስዊስን፥ ጀርመንንና ስዊድንን ጐበኘ። በቲቤት ሬሳ በሞላበት ጕድጓድ ተጥሎ በተአምር እንደ ዳነ፥ በካይላስ ተራራ ዕድሜው እጅግ የበዛ ክርስቲያን ባሕታዊ እንዳገኘ የተረከው ሁሉ ብርቱ ክርክር አስነሣ። በማርቡርግ መምህር የነበረው ፍሪድሪክ ሃይለር ተከራከረለት፤ የዙሪኩ ፓስተር ኦስካር ፊስተርና አንዳንድ ኢየሱሳውያን ግን ታሪኩን ተረት ነው አሉ። የሚሲዮን መልእክተኛ ለላከው ማኅበር በደብዳቤ ወሬውን ያስታውቃል፥ የወጪ መዝገብ ይይዛል፤ ብቻውን የሚጓዝ ሳዱ ግን ከራሱ ቃል በቀር ምስክር የለውም። የሕንድ አድማጭ ቃሉን የሚመዝነው በተናጋሪው አኗኗር ሲሆን፥ የኤውሮፓ ሊቅ ቀንና ምስክር ይጠይቃል። ይህ ልዩነት የክርክሩን ምክንያት ይገልጻል እንጂ ትረካው እውነት መሆኑን አያረጋግጥም።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጤናው ስለ ተጐዳ አብዛኛውን ጊዜ በሳባቱ ተቀምጦ ትንንሽ መጻሕፍት ጻፈ። በኤፕሪል 1929 ደግሞ ወደ ቲቤት ተነሣ፤ ከዚያ ወዲያ ያየው አልተገኘም። የመጨረሻ ጕዞውም እንደ ቀድሞዎቹ ያለ ምስክር ቀረ።

እርሱ ገና በሕይወት ሳለ፥ በ1921፥ ክሪስቱኩላ አሽራም የሚባል የክርስቲያኖች የጋራ መኖሪያ በደቡብ ሕንድ በቲሩፓቱር ተመሠረተ። የዚህ ቤት ሰዎች እንደ እርሱ ወንጌልን በሕንድ አኗኗር ለመግለጥ ፈልገው፥ መንገዱን ትተው በአንድ ስፍራ መርጋትን መረጡ። በዚህም ለብቸኛው መንገደኛ ያልነበረውን የማኅበር ሕግና የወንድሞች ምስክርነት አገኙ፤ በማንኛውም ደጅ ያለ ወሰን የመግባት መብት ግን ከተዘዋዋሪው ሳዱ ጋራ ቀረ።