ካንሰር የሚያክመው የክንድ ክትባት

የክትባት ፕሮግራም በኢትዮጵያ በ1980 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ ከተወለድነው ብዙዎቻችን ክንዳችን ላይ ትንሽ ጠባሳ አለችን። የቢሲጂ ምልክት ናት። ሕፃናትን ከከፋ የቲቢ ዓይነት እንደምትጠብቅ ብዙ እናቶች ያውቃሉ። ይኸው ክትባት የሽንት ፊኛ ካንሰርን እንደሚያክም የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። ለሕክምናው መጠኑ በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ የሚሰጠውም በቀጭን ቱቦ፣ በቀጥታ ፊኛው ውስጥ ነው።

መነሻው ላም ናት። ሐኪሙ አልበርት ካልሜትና የእንስሳት ሐኪሙ ካሚል ጌራን፣ በፈረንሳይ ሊል ከተማ በሚገኘው የፓስተር ተቋም፣ ከታመመች ላም የተገኘውን የከብት ቲቢ ባክቴሪያ ከ1908 ጀምሮ በድንችና በሐሞት ላይ ያራቡት ጀመር። ለ13 ዓመታት ያህል፣ ከ200 ጊዜ በላይ ከአንዱ ብልቃጥ ወደ ሌላው እያዛወሩ አዳከሙት። በ1921 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተሰጠ።

ወደ ፊኛ ያሸጋገረው አልቫሮ ሞራሌስ የተባለ፣ በካናዳ ኪንግስተን ከተማ ይሠራ የነበረ የሽንት ቧንቧ ሐኪም ነው። በ1976 ባወጣው ጽሑፍ የ9 ሕመምተኞችን ውጤት አሳየ። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለ6 ሳምንት ነበር የሰጣቸው። ስድስት የሆነውም መድኃኒቱ በስድስት ብልቃጥ ታሽጎ ስለሚመጣ ነው ይባላል። ባክቴሪያው ከፊኛው ግድግዳ ጋር ሲጣበቅ ሰውነት ነጭ የደም ሕዋሳቱን ወደዚያ ያዘምታል፤ እነሱም የካንሰሩን ሕዋሳት አብረው ያጠቃሉ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ1990 ፈቀደው፤ ዛሬም ቢሲጂ ወደ ፊኛው ጡንቻ ላልዘለቀና የመመለስ ዕድሉ ከፍ ላለ ካንሰር ቀዳሚ ሕክምና ነው።

እዚያ ለመድረስ ግን በሽታው በጊዜ መገኘት አለበት። ዋናው ምልክት ሕመም የሌለው ደም በሽንት ውስጥ መታየቱ ነው። አንድ ቀን ቀልቶ ይታይና በማግስቱ ይጠራል፤ ሰውም ‹‹ተወኝ›› ብሎ ይረሳዋል። አደገኛው ይህ ነው። ከሴቶች ይልቅ ወንዶችን በብዛት ይይዛል፤ ትልቁ መንስኤም ሲጋራ ነው። በአገራችን ሌላም አለ፤ የሽንት ቧንቧው ቢልሃርዝያ። በብርድ አገር አይዛመትም፤ በመካከለኛው አዋሽና በታችኛው ዋቢ ሸበሌ ቆላ ግን ይገኛል። ለዓመታት ሳይታከም ከቆየ ሌላ ዓይነት የፊኛ ካንሰር ያስከትላል፤ ያኛው ደግሞ በቢሲጂ አይታከምም። ስለዚህ ቆላ ወርዶ የኖረ ሰው ሽንቱ ደም ከቀላቀለ፣ የት እንደነበረ ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ምርመራው በሽንትና በአልትራሳውንድ ይጀመራል። ቁርጡ የሚታወቀው ግን ሲስቶስኮፕ በተባለ፣ ጫፉ ላይ መብራት ባለው ቀጭን መሣሪያ ፊኛው ውስጥ ገብቶ ሲታይ ነው። እጢው በዚያው መንገድ ተፍቆ ይወጣና በቤተ ሙከራ ይመረመራል። ቁስሉ ከዳነ በኋላ የቢሲጂ ተራ ይመጣል።

ሕመምተኛው ከቀጠሮው በፊት ለጥቂት ሰዓት ፈሳሽ አይጠጣም። ሽንቱን ጨርሶ ይተኛል። ነርሷ ጓንትና ማስክ አድርጋ ዱቄቱን በ50 ሚሊ ሊትር ጨዋማ ውኃ ትበጠብጣለች፤ ካቴተሩን ታስገባለች፤ ፈሳሹ በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ይወርዳል። ቱቦው ሲገባ ደም ከታየ ግን የዚያ ቀን ሕክምና ይቀራል፤ ሕያው ባክቴሪያ ወደ ደም መግባት የለበትምና። ደም ከሌለ 2 ሰዓት ያህል ይዞ ይቆያል፤ በብዙ ቦታም በግራ፣ በቀኝ፣ በጀርባ እየተገላበጠ እንዲተኛ ይደረጋል። ከዚያ ተቀምጦ ይሸናል፤ ለ6 ሰዓት በሸና ቁጥር ሽንት ቤቱ ውስጥ በረኪና ይጨመራል። ለአንድ ሁለት ቀን ማቃጠልና ቶሎ ቶሎ መሽናት የተለመደ ነው። የማይበርድ ትኩሳት ግን ወዲያው ወደ ሐኪም ያስኬዳል።

ከስድስቱ ቀጠሮ መቀነስ ይቻል ይሆን? በአውሮፓ ኒምበስ የተባለ ጥናት ይህንኑ ጠየቀ። የመጀመሪያው ዙር ከ6 ወደ 3 ሲቀነስ ካንሰሩ የተመለሰባቸው 27 በመቶ ሆኑ፤ ሙሉውን ከወሰዱት ግን 12 በመቶ ብቻ። ጥናቱ ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ፤ ውጤቱም በ2020 ታተመ።

ይህን ውጤት ሳነብ በሐሳቤ የመጣው የሪራ መንደር መንገድ ነው። መንደሯ ከጎባ ወደ ደሎ መና በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከሐረና ደን አፋፍ ናት። ጎባ ለመድረስ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ ማቋረጥ ግድ ነው። ከጎባ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል። ከቀዶ ሕክምናው ያገገመ አዛውንት ይህን መንገድ 6 ሳምንት በተከታታይ ሊመላለሰው ነው? ሕክምናው በዚህ አያበቃም፤ በየ3 ወሩ የሲስቶስኮፕ ክትትል አለ፤ እስከ 3 ዓመት የሚዘልቅ የቢሲጂ ማጠናከሪያም አለ። በመሐል የሚያቋርጥ ሰው ቢኖር ሰነፍ ነው ልለው አልችልም።

ጥናቱ ቀጠሮ አትቀንሱ ካለ፣ መቀነስ ያለበት መንገዱ ነው። እጢውን መፋቅ የሠለጠነ ሐኪም ይፈልጋል፤ ስለዚህ ለዚያ ወደ ትልቅ ከተማ መሄድ ይኖር ይሆናል። መድኃኒቱን ፊኛ ውስጥ መጨመር ግን ካቴተር፣ በደንብ የሠለጠነ ነርስ፣ የሚከታተል ሐኪምና ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚይዝ ፍሪጅ ይጠይቃል። ፍሪጁ የሕፃናት ክትባት በሚቀመጥበት ሁሉ አለ። ለፊኛ የሚሆነው ቢሲጂ በዓለም ገበያም ለዓመታት ያጠረ ነውና መድኃኒቱን ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሲገኝ ግን የሪራው ሰው የቀሩትን ሳምንታት በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ቢጨርስ፣ ሳነቴን በጠዋት ተሻግሮ ማታ ከብቶቹ ዘንድ ይመለሳል።