ስለ ጠባይ መለወጥና ስለ ዕጢዎች ሥራ

ጠባዩ የታወቀ ሰው በድንገት ቍጡ ወይም ፈዛዛ ሲሆን ጎረቤት ፈጥኖ ይፈርዳል፤ አንዱ «ጠግቦ ነው» ይላል፤ ሌላውም «ዓይነ ጥላ ነው» ይላል። የሊቃውንት ምርመራ ግን ምክንያቱ አንዳንድ ጊዜ በደም ውስጥ የሚዞር እጅግ ጥቂት ነገር መሆኑን ያስረዳናል።

በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1849 ዓ.ም. በጀርመን አገር በጌቲንገን ከተማ በርቶልድ የተባለ ሊቅ በስድስት ወጣት አውራ ዶሮች ፈተና አደረገ። ከሁለቱ የዘር ፍሬያቸውን ፈጽሞ ቢያወጣ፥ ሲያድጉ እንደ አውራ ዶሮ አልጮኹም፥ አልተዋጉምም። በአራቱ ግን አንዳንድ ፍሬ ከነርቩ ተለይቶ በሆድ ዕቃቸው መካከል እንዲቀመጥ ቢያደርግ፥ እንደ ወጉ ጮኹ፥ ተዋጉም። ነርቩ ተቈርጦ ሳለ ጠባያቸው ስላልጠፋ፥ መልእክቱ የሚሄደው በደም መሆኑን ተረዳ።

ይህን መልእክተኛ እንግሊዛዊው ስታርሊንግ በ1905 ዓ.ም. ሆርሞን ብሎ ሰየመው። ሆርሞን በመላው ሰውነት ቢዞርም፥ ቍልፍ ልኩ የሆነውን መዝጊያ ብቻ እንደሚከፍት፥ የሚሠራው ለእርሱ የተዘጋጀ ተቀባይ ባለበት ሕዋስ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ተቀባይ በአንጎልም ውስጥ ስለሚገኝ፥ የሆርሞን መብዛትና ማነስ አሳብንና ስሜትን ይነካል።

ለቤተ ሰብ የሚጠቅመው ምሳሌ በአንገት ፊት ያለችው ታይሮይድ የምትባለው ዕጢ ናት። ሆርሞንዋ ሲበዛ ሰው እንቅልፍ ያጣል፥ ልቡ በኃይል ይመታል፥ እጁ ይንቀጠቀጣል፥ በጥቂቱ ይቈጣል፥ እየበላም ይከሳል። ሲያንስ ደግሞ ይፈዛል፥ ይረሳል፥ ይተክዛል፥ ብርድም አይችልም። ይህ ደዌ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል፤ ከወለዱም በኋላ በመጀመሪያው ዓመት የሚነሣበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ ባል ሚስቱን «ጠባይዋ ከፋ፥ ቤቷን ጠላች» ብሎ ሽማግሌ ከመሰብሰቡና ፍች ከመጠየቁ አስቀድሞ ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዳት። ነገሩ በጥቂት ደም ምርመራ ይታወቃል። ያነሰውን በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን መተካት ይቻላል፤ የበዛውንም የሚያበርድ መድኃኒት አለ። በታመመች ሴት ላይ ወቀሳን መጨመር በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

ይህን ማለታችን ለክፉ ሥራ ሁሉ ማመካኛ ለመስጠት አይደለም። ሆርሞን ልብን ወደ አንድ ወገን ይስባል እንጂ ፈጽሞ አያስገድድም፤ ሰው አእምሮና ሕሊና አለውና። ነገር ግን ዳኛ ምስክር ሳይሰማ እንደማይፈርድ፥ የቤት ጌታም ሐኪም ሳይጠይቅ በቤተ ሰቡ ጠባይ ላይ አይፍረድ።