የባሕር ዳሩ የዓባይ ድልድይ ለማን ተሠራ?

ዓባይ ከጣና ወጥቶ ብዙ ሳይርቅ ባሕር ዳርን ለሁለት ይከፍላታል። ትልቁ ገበያ፣ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልና የከተማዋ እምብርት በምዕራብ በኩል ናቸው። ወንዙን ሲሻገሩ ደግሞ የቤዛዊት ኮረብታና በየዓመቱ እየሰፉ የመጡ ሰፈሮች አሉ። ሁለቱን ወገን ከስድሳ ዓመት በላይ ያገናኛቸው አንድ ጠባብ ድልድይ ነበር።

ያ ድልድይ ሲሠራ ባሕር ዳር ትንሽ ከተማ ነበረች። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፣ የክልል ዋና ከተማም ሆነች፤ ድልድዩ ግን ያው ነበር። ጭነቱ ደግሞ የከተማዋ ብቻ አልነበረም። ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደርና መተማ፣ ከዚያም ወደ ሱዳን የሚዘልቀው አገር አቋራጭ መንገድ በላዩ ያልፍ ነበር። ተሳቢ የሚጎትት መኪና፣ ባጃጅ፣ ብስክሌት፣ ለገበያ የሚነዳ ከብትና እግረኛ አንዱን መተላለፊያ ይጋፉ ነበር። ምጥ የያዛት ሴት ሆስፒታል ለመድረስ በዚያ መጨናነቅ ውስጥ ማለፍ ነበረባት። «ሁለተኛ ድልድይ ይሠራልን» የሚለው ጥያቄ ዓመታት የዘለቀው በዚህ ምክንያት ነው።

አዲሱ ድልድይ በ2011 ዓ.ም ተጀምሮ ግንቦት 4 ቀን 2016 ዓ.ም ተመረቀ። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር ነው፤ የወጣበት ገንዘብም ከ1.4 ቢሊዮን ብር በላይ ነው። የሠራው የቻይና ተቋራጭ ነው። የመንገዱን አካል በከፊል የሚሸከሙት ከአጫጭር ምሰሶዎች የተወጠሩ የብረት ገመዶች ናቸው። ገመዶቹ ክብደቱን ስለሚጋሩ በምሰሶዎች መካከል ያለው ርቀት ሊሰፋ ይችላል፤ ውኃው ውስጥ የሚተከለው ምሰሶም ያንሳል። በዓባይ በረሃ ጎሐ ጽዮንንና ደጀንን የሚያገናኘው፣ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም ማብቂያ የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይም በዚሁ ስልት የተሠራ ነው።

ለእኔ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ሌላ ነገር ነው። አዲሱ ድልድይ በየአቅጣጫው ሦስት መኪና ጎን ለጎን ከማሳለፉ በተጨማሪ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መንገድ አለው። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት፤ ተማሪውም ሠራተኛውም ፔዳል እየመታ ነው የሚውለው። የከባድ መኪና ጎማ ሳይፈራ ወንዝ መሻገር መቻሉ ከማንኛውም የምረቃ ንግግር ይልቅ ነዋሪውን ይነካዋል። በአሮጌው ድልድይ ላይ ፎቶግራፍ ማንሳት እንኳ ክልክል ነበር፤ ሕዝቡ ወንዙን የሚያየው አልፎ ለመሄድ በመቸኮል ነበር።

ድልድዩ የተመረቀው ክልሉ በግጭትና በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ውስጥ እያለ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። በሰላም መንቀሳቀስ ካልተቻለ የገጠሩ ገበሬ እህሉን ይዞ እስከ ድልድዩም አይደርስም።

ሌላም ስጋት አለ። ማቋረጡ ሲቀል የወንዙ ዳር መሬት ይወደዳል፤ የሚወደድ መሬት ደግሞ ቶሎ ይታጠራል። የጣና አካባቢ ከ2007 ዓ.ም ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነው፤ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል የሚበቅለውም በሐይቁና በወንዙ ዳር ነው። የከተማው አስተዳደር ዳርቻውን ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ይጠብቅ፤ የእግረኛውን መንገድ የመኪና ማቆሚያና የሸቀጥ መደርደሪያ እንዳይሆን ይከላከል፤ በምሥራቅ በኩል ላሉት ሰፈሮችም እስከ ድልድዩ የሚያደርስ ደህና የውስጥ መንገድ ይሥራላቸው።