ዓይን ካየ ሞገድ ያልፋልን?

ባለፈው ጥቅምት የሣይንስ ክበባችን አባላት ለትምህርታዊ ጉብኝት ወደ መንዝ ጓሳ በሄድን ጊዜ አንድ ሙከራ አድርገን ነበር። የገጠር ት/ቤትን ከከተማ ት/ቤት ጋር ያለ ሽቦ ለማገናኘት አንቴና የት ቢተከል ይሻላል? ይህን ለማወቅ 4 ኪ.ሜ. በሚራራቁ ጉብታዎች ላይ በሁለት ቡድን ቆምን። እመሃላችን ድንጋያማ ሸንተረር አለ። የማዶዎቹ ጓደኞቻችን በመስታወት የፀሐይ ብርሃን ሲያንጸባርቁልን ቁልጭ ብሎ ታየን። «አለቀ፣ መስመሩ ክፍት ነው!» ብለን ጨፈርን።

መምህራችን ግን ብርሃኑ ከሸንተረሩ ጫፍ ስንት ሜትር ከፍ ብሎ እንደሚያልፍ ጠየቁን። ቢበዛ 2 ሜትር። «እንግዲያው አይበቃም» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሬዲዮ ሞገድ እንደ ክር ቀጥኖ አይሄድም። በሁለቱ አንቴናዎች መካከል፣ እንዝርት ላይ እንደተጠቀለለ ፈትል፣ ጫፍና ጫፉ የሾለ ወገቡ የሰፋ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ቦታው በፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ በፍሬኔል (እ.ኤ.አ. 1788–1827) ስም ይጠራል። ስሌቱም አያስፈራም፤ ርቀቱን በኪ.ሜ. ወስዶ ለድግግሞሹ (በጊጋኸርዝ) 4 እጥፍ ማካፈል፣ የውጤቱን ዳግም ዘር በ17.3 ማባዛት ነው። ለ4 ኪ.ሜ. እና ለ5.8 ጊጋኸርዝ የወገቡ ሬዲየስ 7.2 ሜትር ያህል ይመጣል። ቢያንስ 60 በመቶው፣ ማለትም 4.3 ሜትሩ፣ ከእንቅፋት ነጻ መሆን አለበት። የእኛ 2 ብቻ! ስለዚህ ሁለቱም አንቴናዎች ከቆምንበት የዓይን ከፍታ በላይ 2.3 ሜትር መውጣት ነበረባቸው።

ርቀቱ 20 ኪ.ሜ. ቢሆንማ የምድር ክብነትም ይመጣል፤ እመሃል ላይ 6 ሜትር ግድም ያብጣል። በቦታው ቆሞ የሚያይ ዓይን ይህን አብሮ አይቶታል፤ ከካርታ የሚሠራ ሰው ግን መደመር አለበት።

ከሰዓት በኋላ የጓሳ ጉም ወረደና ማዶው ጠፋ። ከመካከላችን «አሁንማ ሞገዱም ተቋረጠ» ያለ ነበር፤ ተሳስቷል። የ5.8 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ የጉም ጠብታ ለእርሱ ኢምንት ነው። ይልቅ የሚያሰጋው ባሕር ዛፍ ነው። ከእኛ አንዱ በተማረበት ት/ቤት ግንኙነቱ በሦስተኛው ዓመት ደከመ፤ «መሣሪያው ተበላሸ» ተብሎ በአዲስ ተለወጠ፤ ያው ሆነ። ለካስ መንገዱ ላይ የተተከለው ባሕር ዛፍ አድጎ ኖሯል! በዚያ ገንዘብ ስንት መጽሐፍ ይገዛ ነበር።

ጓሳ ላይ ምሰሶ ለማቆም ደግሞ ከፍታ ብቻ አይበቃም፤ የመንዝ ሕዝብ ሣሩን እየከለለ ያቆየው ምድር ነውና አስቀድሞ የሚጠየቀው እሱ ነው።

የሸንተረሩን ሥዕል ከዚህ ጽሑፍ በስተግራ ለጥፈነዋል። ስሕተት ያገኘ በእርሳስ ያርምልን።