የወረቀት ቤትና የመሬት ነውጥ

ባለጸጋዋ ጃፓን በመሬት መንቀጥቀጥ ቤታቸው የፈረሰባቸውን ዜጎቿን በወረቀት ቤት አስፍራ ተሳለቀችባቸው የሚል ወሬ፣ የአዋሽ ፈንታሌው ነውጥ አዲስ አበባን ጭምር ካስደነገጠ ወዲህ፣ ከአፍ ወደ አፍ ሲዘዋወር እንሰማለን፤ ይህንንም የሚያወሩት ሰዎች ወረቀት ሲባል ጨምድደው የሚጥሉትን ብጣሽ ብቻ ስለሚያስቡ፣ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ግድ ሆኗል።

ወሬው የሚያነሣው ነውጥ የጃፓንን የኮቤ ከተማ የመታው ጥር 9 ቀን 1987 ዓ.ም. ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ ነው። ከ6,400 በላይ ነፍስ ጠፋ፤ ከ300,000 የሚበልጥ ሕዝብም በየትምህርት ቤቱና በየመናፈሻው ተጠለለ። መንግሥት ለእነዚህ ተፈናቃዮች የሠራቸው ከ48,000 በላይ ጊዜያዊ ቤቶች ተገጣጣሚዎች እንጂ የወረቀት አልነበሩም። የወረቀቶቹ ወደ 30 የሚጠጉ ብቻ ሲሆኑ፣ የሠራቸውም አርክቴክቱ ሺገሩ ባን ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ሆኖ፣ በናጋታ ሠፈር በታካቶሪ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ለተጠለሉት፣ ይልቁንም ከቬትናም ተሰደው ለመጡትና እንጀራቸው በዚያው ባሉት የጫማ ፋብሪካዎች ስለ ነበረ ርቀው መሄድ ላልወደዱት ሰዎች ነው። እንግዲህ የተሳለቀው ማን ነው?

ወረቀት ነውጥን ስለ ምን እንደሚችል እንይ፤ ነውጥ ቤትን ከውጭ መጥቶ አይገፋውም፤ መሬቱ በድንገት ወደ ጎን ሲሄድ የቤቱ አካል በነበረበት ሊጸና ስለሚሻ፣ ግድግዳውን የሚሰብረው በዚህ መካከል የሚወለደው ኃይል ነው። ይህም ኃይል የቤቱ ግዝፈት በመሬቱ ፍጥንጥነት (ፍጥነቱ በየሰከንዱ በሚለወጥበት መጠን) ተባዝቶ የሚገኝ በመሆኑ፣ ዐሥር እጥፍ የከበደው ቤት በዚያው ነውጥ ዐሥር እጥፍ ኃይል ይሸከማል፤ ውሃ የሞላ እንስራ ያዘለች ሴት ስትደናቀፍ እንስራው ይዟት እንደሚወድቅ፣ ባዶውን ያዘለችው ግን ተንገዳግዳ እንደምትቆም ማለት ነው። በኮቤም የሞተው ሕዝብ አብዛኛው ያለቀው፣ ክዳናቸው በጭቃ ላይ የተደረደረ ከባድ ሸክላ የሆነ አሮጌ የእንጨት ቤቶች ተደርምሰውበት ነው።

የባን ግድግዳ ግን ጎን ለጎን የቆሙ የወረቀት ቱቦዎች ነበሩ፤ ወርዳቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ፣ የልባሳቸው ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር፣ ወረቀቱ በሙጫ እየተጣበቀ የተጠቀለለ። ከላይ ሸክም የተጫነበት ቀጭን ነገር ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው ተደቁሶ ሳይሆን ጎብጦ ነው፤ መጉበጥንም የሚከለክለው የቁሱ ብዛት ብቻ ሳይሆን ከመካከለኛው ዘንግ ያለው ርቀት ስለ ሆነ፣ ጠፍጣፋ ሳለ በጣት የሚታጠፈው ወረቀት፣ ክብ ሲሆን በየአቅጣጫው ከመካከሉ እኩል ርቆ ስለሚቆም ይጸናል። ከበላዩ ቀላል የድንኳን ሸራ ተዘረጋበት፤ መሠረቱም የአሸዋ ከረጢት የተሞሉ የቢራ ሳጥኖች ሆኑ።

እኛ የሕንፃ መሐንዲሶች የምንከራከረው ከዚህ በኋላ ነው። ለነውጥ በጎ የሆነው ቅለት ለነፋስ ክፉ ነውና፣ አሸዋው ቤቱን ወደ ታች ለመያዝም ያስፈልጋል፤ ወረቀት እርጥበት ሲጠጣ ይልማል፣ ሸክም ሲዘገይበትም ቀስ በቀስ ቅርጹን ይለቃል፤ በጎን የሚመጣውን ኃይል የሚችለውም ከቱቦው ይልቅ መጋጠሚያው ስለ ሆነ፣ ለአንድ ጊዜያዊ ምድር ቤት የበቃው ለባለ አምስት ፎቅ ይበቃል የሚል ቢኖር አልደግፈውም።

በኮቤ ወቀሳ የሚገባው የወረቀቱ ቤት ሳይሆን የመንግሥት ጊዜያዊ ቤቶች አደላደል ነው። ባለ ሥልጣኖቹ ጊዜያዊ ቤቶቹን በዕጣ ሲያድሉ ለአረጋውያንና ለሕሙማን ቅድሚያ መስጠታቸው ርኅራኄ ነበር፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ቤቶች በሰው ሠራሽ ደሴቶችና በከተማው ዳርቻ ስለ ተሠሩ፣ ያ ዕጣ ዘመን ከዘመን አብሮ የኖረውን ጎረቤት በታትኖ አቅመ ደካማውን ከማያውቀው አቅመ ደካማ ጋር አጎራበተው። ለሁለት ዓመት የታሰበው መጠለያ የመጨረሻው ነዋሪ እስኪወጣ እስከ ጥር 1992 ዓ.ም. ሲቆይ፣ ከ200 በላይ ሰዎች በውስጡ ብቻቸውን፣ አንድም ሰው ሳያያቸው ሞተዋል። ጃፓኖች ከዚህ ተምረው፣ በጥቅምት 1997 ዓ.ም. የኒጋታ ምድር በተናወጠ ጊዜ፣ የያማኮሺን መንደር ሰዎች ጎጥ በጎጥ አብረው አሰፈሯቸው። የእኛም ሹማምንት ለተፈናቃይ መጠለያ ለማቀድ በተቀመጡ ጊዜ፣ ስለ ብሎኬትና ስለ ቆርቆሮ ከመከራከራቸው አስቀድሞ፣ ማን ከማን ጋር ጎረቤት እንደ ነበረ የሚያሳይ መዝገብ ከየቀበሌው ያስቀርቡ።