መጸዳጃ ቤት ፈርተው ውሃ አይተዉ

በተሽከርካሪ ወንበር ወይም በክራንች የሚንቀሳቀሱ ከሆነ፣ ጉዳይ ለማስፈጸም በሚወጡበት ቀን ‹‹መጸዳጃ ቤቱ አይመቸኝም›› ብለው ውሃ ከመጠጣት ይቆጠባሉ? ይህ ልማድ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ለኩላሊት ጠጠርና ለሆድ ድርቀት ያጋልጣል።

በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያና ተስማሚ መጸዳጃ ቤት እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። ነባር ሕንፃን ማሻሻል ቢከብድ እንኳ አገልግሎቱን ወደ ምድር ቤት ማውረድ ይቻላል።

ስለዚህ ውሃ አይቀንሱ። አስቀድመው ደውለው ስለ መግቢያውና ስለ መጸዳጃ ቤቱ ይጠይቁ፤ ካልተመቸ ምድር ቤት እንዲያስተናግዱዎ ያመልክቱ።

የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ካለብዎ ሽንት ሲያቃጥል ላይሰማዎ ይችላል፤ ትኩሳት ወይም የሽንት መደፍረስ ሲያዩ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።