ከቤት ፍተሻ በፊት የሚፈረመው ውል፦ ተረቱና እውነታው

በአሜሪካ ቤት የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ከሻጩ ጋር በዋጋ ከተስማማ በኋላ፣ ገንዘቡና ቁልፉ ከመለዋወጣቸው በፊት፣ ኢንስፔክተር ቀጥሮ ቤቱን ያስፈትሻል። የፍተሻ ውል የሚባለው ኢንስፔክተሩ መሰላሉን ከማቆሙ አስቀድሞ እሱና ገዥው የሚፈርሙት ወረቀት ነው። ምን እንደሚታይና ምን እንደማይታይ፣ ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ሪፖርቱ ለማን እንደሚሰጥ፣ ኢንስፔክተሩ ቢሳሳት ተጠያቂነቱ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ የጥቂት ገጾች ነው፤ ስለ እሱ የሚወራው ግን ከገጾቹ ይበዛል።

በጣም የተለመደው ወሬ ፊርማው ለወጉ ያህል ነው፣ ከሪፖርቱ ጋር አብሮ ቢፈረምም ያው ነው የሚለው ነው። አንዳንድ ግዛቶች ግን ይህን ለባለጉዳዮቹ ምርጫ አልተዉትም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ቨርጂኒያ የኢንስፔክተሮች ደንብ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁለቱም ወገኖች እንዲፈርሙ፣ ውሉም የሚነበብና የሚገባ እንዲሆን ያዛል። ኒው ጀርሲም ቅድመ ፍተሻ ውል ትጠይቃለች። ካሊፎርኒያ በአንጻሩ ለቤት ኢንስፔክተር የመንግሥት ፈቃድ እንኳ አትሰጥም።

ደንብ በሌለበትም ቢሆን የዘገየ ፊርማ ጣጣ አለው። በአሜሪካ ሕግ ውል ልውውጥ ነው፤ አንዱ ግዴታ የሚገባው ከሌላው በምላሹ ለሚያገኘው ነገር ነው። ኢንስፔክተሩ ከጣሪያ ወርዶ፣ ሥራውን ጨርሶ፣ ተጠያቂነቱን የሚቀንስ አንቀጽ ቢያቀርብ ደንበኛው በምላሹ የሚያገኘው አዲስ ነገር የለም። ያለቀ ሥራ ለአዲስ ግዴታ ዋጋ አይሆንም ብሎ መከራከር ይቻላል። ኢንስፔክተሩ «ካልፈረምክ ሪፖርቱን አልሰጥም» ካለ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ገዥው ያለ ኪሳራ ከግዢው ሊወጣ የሚችልበት ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ስለሆነ፣ ተገድጄ ፈረምኩ ለማለት በቂ ምክንያት ያገኛል።

በስልክ ቀጠሮ ተይዟል፣ ገንዘቡም ተከፍሏል፣ ስለዚህ ውል አለ የሚሉም አሉ። ይህ ግማሽ እውነት ነው። በቃልና በተግባርም ውል ሊመሠረት ይችላል። ችግሩ በዚያ ውል ውስጥ ያለው ሁለቱ የተነጋገሩት ብቻ መሆኑ ነው፦ አድራሻው፣ ቀኑና ዋጋው። ስለ ምስጥ ወይም ስለ መሬት ውስጥ ቱቦ ማንም ያነሳው ነገር የለም። አንዳንድ የሙያ ኢንሹራንሶችም ክስ ሲመጣ አስቀድመው የሚጠይቁት የተፈረመውን ውል ነው። የቤት ሽያጭ ወኪሉ (ሪልተሩ) በገዥው ስም መፈረሙም በጽሑፍ ውክልና ካልተሰጠው በቀር መፍትሔ አይሆንም። ሪልተሩ በተለመደው አሠራር ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሽያጩ ሲያልቅ መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ ጥቅሙ ከገዥው ጥቅም ጋር ሁልጊዜ ላይገጥም ይችላል።

ሁለቱም ወገን አጥብቆ የሚያምነው ተረት ግን ሌላ ነው፦ አንዴ ከተፈረመ በኋላ ኢንስፔክተሩ አይከሰስም፣ ቢከሰስም ከተከፈለው በላይ አይጠየቅም። በብዙ ውሎች ላይ እንዲህ ዓይነት አንቀጽ መኖሩ እውነት ነው። መጻፉ ግን መጽናቱን አያረጋግጥም። እ.ኤ.አ. በ2004 የኒው ጀርሲ ይግባኝ ፍርድ ቤት በተመለከተው ጉዳይ ፍተሻው 385 ዶላር ተከፍሎበት ነበር፤ በውሉ መሠረት የኢንስፔክተሩ ተጠያቂነት የዚህ ግማሽ፣ 192 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብቻ ነበር። ጣሪያው እንደሚያፈስ ገዥዎቹ ያወቁት ከገቡ በኋላ ነው። ፍርድ ቤቱ ገደቡን አልተቀበለም፤ ባለሙያን ከሙያ ኃላፊነቱ ነጻ የሚያወጣ፣ ፍትሕ የጎደለው አንቀጽ ነው አለ። በካሊፎርኒያ ሕጉ ራሱ ተጠያቂነትን በፍተሻው ዋጋ የሚገድብ አንቀጽ ዋጋ የለውም ይላል፤ የክስ ጊዜውም ከፍተሻው ቀን ጀምሮ ከ4 ዓመት አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ2003 የዚያው ግዛት ይግባኝ ፍርድ ቤት ይህን ጊዜ ከፍተሻው ቀን ጀምሮ ወደ 1 ዓመት ያሳጠረ አንቀጽን ውድቅ አድርጓል። በሌሎች ግዛቶች ግን ገደቡ ሊጸና ይችላል። ስለዚህ «ፍርድ ቤት ይሰርዘዋል» ብሎ ሳያነቡ መፈረም፣ «ውሉ ያድነኛል» ብሎ በግዴለሽነት ከመሥራት የማይተናነስ ስህተት ነው።

ከአገር ቤት ይዘነው የምንሄደው እምነትም አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል በሁለት ምስክሮች ፊት እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ይህን የለመደ ሰው ያለ ምስክር፣ ያለ ማኅተም፣ በስልክ ላይ በጣት የተፈረመ ነገር ቀልድ ቢመስለው አያስገርምም። ለፍተሻ ውል ግን ምስክር አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ደግሞ ፊርማ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ዋጋ እንዳያጣ አድርጓል። ገዥው ሌላ ከተማ ስለሆነ ፊርማው ቀረ የሚለው ሰበብ እንግዲህ አይሠራም። ቀጠሮው በተያዘበት ቀን ውሉን በኢሜይል መላክ ይቻላል፤ ሥርዓቱም ፊርማው የገባበትን ሰዓት ብዙውን ጊዜ ይመዘግባል። እንግሊዝኛው የሚያስቸግረው ገዥም የሚያነብለት ሰው ለመፈለግ ጊዜ ያገኛል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ገዥውን የሚጎዳው «ፍተሻ ማለት ቤቱ በሙሉ ይመረመራል ማለት ነው» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተው የአሜሪካ የቤት ኢንስፔክተሮች ማኅበር መመዘኛም ሆነ ሌሎቹ ፍተሻውን በዓይን በሚታይ፣ በቀላሉ በሚደረስበት ነገር ይወስኑታል። ግድግዳ አይፈረፈርም፣ ምንጣፍ አይነሳም። ምስጥ፣ ራዶን ጋዝ፣ ሻጋታና በካሜራ የሚታየው የፍሳሽ ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ በተጨማሪ ክፍያ የሚታዘዙ ናቸው። ይህ ሁሉ በውሉ ላይ ተጽፏል። ከቀጠሮው ቀናት አስቀድሞ ያነበበ ገዥ ሃምሳ ዓመት ላለፈው ቤት የቱቦ ካሜራ ጨምሮ ያዛል። ጠዋት በር ላይ፣ ኢንስፔክተሩ መሰላል እያወረደ፣ በመኪናው ኮፈን ላይ የፈረመ ግን ቱቦው እንዳልተካተተ የሚያውቀው ምናልባት ሪፖርቱ ሲደርሰው ነው፤ ያኔ ካሜራ ያለው ባለሙያ ቢገኝ እንኳ የፍተሻው ጊዜ አልፎ ሊሆን ይችላል።